የኦዱዱዋ ልጆች እነማን ናቸው? የዮሩባ ማንነት በዘር ሐረግና በኦሪሻ አምልኮ ሲመዘን

አንድን ሕዝብ አንድ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ስለ ዮሩባዎች ሲነሣ ሁለት መልሶች ቀድመው ይቀርባሉ። አንደኛው ዘር ነው፤ ዮሩባ ማለት በኢሌ ኢፌ ከተማ ከነገሠው ከኦዱዱዋ የሚወለድ ነው ይባላል። ሁለተኛው እምነት ነው፤ ዮሩባ ማለት ኦሪሻ የተባሉትን አማልክት የሚያመልክ፣ ኢፋ በሚባለው ጥንቆላ ምክር የሚጠይቅ፣ የሙታን አባቶቹን መንፈስ የሚያከብር ነው ይባላል። ሁለቱ መልሶች ሲደመሩ ደግሞ አንድ ፍርድ ይወለዳል፤ ሙስሊም የሆነ ዮሩባ የአባቶቹን ቤት ትቶ በባዕድ ቤት የተጠጋ ነው የሚል ፍርድ።

ዮሩባዎች በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ፣ በቤኒንና በቶጎ የሚኖሩ ታላቅ ሕዝብ ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ወይም ክርስቲያኖች ናቸው። ስለዚህ ይህ ፍርድ የሚነካው ጥቂቶችን ሳይሆን አብዛኛውን ሕዝብ ነው። ነገሩ በመጻሕፍት ብቻ የታጠረ ክርክር አለመሆኑም በቅርቡ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢሎሪን ከተማ አንዲት የኦሪሻ አገልጋይ ያቀዱት ባህላዊ የአምልኮ በዓል ከሙስሊሞች ወገን በተነሣ ተቃውሞ ሳይካሄድ ቀረ፤ ደራሲው ዎሌ ሾይንካም ለከተማይቱ አሚር በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ ድርጊቱን አወገዙ። በአንድ ወገን ኦሪሻን የማያከብር ዮሩባ አይደለም የሚል ድምፅ፣ በሌላው ወገን የአባቶች ነገር ሁሉ ሽርክ ነው የሚል ድምፅ ተሰማ። በሁለቱ መካከል የቆመው ኢማምና መምህር ምን ብሎ ያስተምር?

በዚህ ጽሑፍ ዘርንና ኦሪሻን የማንነት መለኪያ ያደረጉ ታዋቂ ድርሳናትን እንመረምራለን። የምንደርስበት ሐሳብም በአጭሩ ይህ ነው፤ እስልምናን ከዮሩባነት ውጭ ለማቆም የቀረቡት መለኪያዎች ራሳቸው ሲፈተሹ የሙስሊሞችን ነባርነት ይመሰክራሉ። የሕዝቡ ስም፣ የአባቱ ተረክ፣ የጥንቆላው መድበል ሳይቀር የሙስሊም መምህራንን አሻራ ይዘዋል።

ስሙ ከየት መጣ?

መለኪያውን ከመመርመር በፊት የሚመዘነውን ስም ማየት ይገባል። ዮሩባ የሚለው ስም በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው በሙስሊም ዑለማእ የዐረብኛ ድርሳናት ነው። የቲምቡክቱው ሊቅ አሕመድ ባባ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ባርነት ፍርድ በጻፉት ሚዕራጁ ሱዑድ ውስጥ ሙስሊም ያልሆኑ የሱዳን ሕዝቦችን ሲዘረዝሩ ይህን ስም ጠቅሰዋል። በሐውሳዎች አፍ ስሙ የሚያመለክተው በተለይ የኦዮን መንግሥት ሰዎች ነበር። ኢጄቡው ኢጄቡ፣ ኤግባው ኤግባ፣ ኢጄሻው ኢጄሻ፣ ኤኪቲውም ኤኪቲ እንጂ ዮሩባ ነኝ አይልም ነበር።

በባርነት ተሸጠው ባሕር የተሻገሩትም በዚህ ስም አልተጠሩም። በብራዚል ናጎ፣ በኩባ ሉኩሚ፣ በሴራሊዮን አኩ ተባሉ። ስሙን ለቋንቋው ተናጋሪዎች ሁሉ ያስፋፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት የክርስቲያን ሚስዮን ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛው ሳሙኤል አጃይ ክራውተር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1821 ተማርከው የተሸጡት፣ በ1822 የእንግሊዝ መርከብ ነጻ አውጥቷቸው በሴራሊዮን ያደጉት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1843 የዮሩባ መዝገበ ቃላት አሳተሙ፤ በ1864 ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ቋንቋው በመተርጎም ቀዳሚውን ድርሻ ያዙ።

የታሪክና የማኅበረሰብ ተመራማሪው ጄ. ዲ. ዋይ. ፒል እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ ዮሩባ የተባለው አንድ ሕዝብ የተሠራው በዚህ የሚስዮን ዘመን መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል። ዘመናዊው የጋራ ማንነት ከጥንት እንዳለ የወረደ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በትምህርት ቤትና በስደት የተገነባ መሆኑን ማሳየታቸው ትልቅ አገልግሎት ነው። ሆኖም ዋና ምንጫቸው የሚስዮን ማኅበሩ መዝገብ በመሆኑ ሙስሊሙን የምናየው በአብዛኛው በሰባኪው ተፎካካሪ ዓይን ነው። መስጊዱ በውጭ ይታያል፤ በመስጊዱ ውስጥ የሚሰጠው ደርስ ግን አይሰማም። ቲ. ጂ. ኦ. ግባዳሞሲ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት፣ ከ1841 እስከ 1908 የነበረውን የእስልምና መስፋፋት የሚተርከው ጥናት ከፒል መጽሐፍ ጎን መነበብ ያለበትም ስለዚህ ነው።

የመካው አባት

ወደ ዘር መለኪያ እንምጣ። የሶኮቶው ሱልጣን ሙሐመድ ቤሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፉት ኢንፋቁል መይሱር ዮሩባዎችን ከከነዓን ወገን፣ ከነምሩድ ዘመዶች የወረዱና ከዐረብ ምድር የተባረሩ አድርገው አቅርበዋቸዋል። ጸሐፊው የጂሃድ መሪ ልጅና ራሳቸውም መሪ እንደነበሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ የዘር ሐረግ ጎረቤቱን ሕዝብ በጥንታዊነት ያከብረዋል፤ ወዲያው ደግሞ የነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ጠላት ዘመድ ያደርገዋል። ክብርና ክስ በአንድ ሐረግ ተጠምደዋል።

የአንግሊካኑ ቄስ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1897 የፈጸሙትና ከሞታቸው በኋላ በ1921 የታተመው የዮሩባዎች ታሪክ ደግሞ ከኦዮ ቤተ መንግሥት ተራኪዎች የሰሙትን ያቀርባል። በዚህ ተረክ ኦዱዱዋ የመካ ንጉሥ የላሙሩዱ ልጅ ነው። አልጋ ወራሹ ወደ ጣዖት አምልኮ ያዘነብላል፤ መስጊዱን የጣዖት ቤት ያደርገዋል። ብራይማ የተባለ ወጣት ግን ጣዖታቱን በመጥረቢያ ሰባብሮ መጥረቢያውን በትልቁ ጣዖት አንገት ላይ ያንጠለጥላል፤ ማን ሰበራቸው ተብሎ ሲጠየቅም ትልቁን ጠይቁት ይላል፤ በእሳት እንዲቃጠልም ይፈረድበታል። በዚህ ምክንያት ጦርነት ይነሣል፤ ላሙሩዱ ይገደላል፤ ኦዱዱዋም ከነተከታዮቹ ተሰዶ ኢሌ ኢፌ ይደርሳል።

ይህን የሚያነብ ኢማም ወዲያው የሚያስታውሰው ነገር አለ። ብራይማ ኢብራሂም ነው። ላሙሩዱም በተፍሲር ሊቃውንት ዘንድ የኢብራሂም ተከራካሪ ተብሎ የሚታወቀው ነምሩድ ነው። የመጥረቢያውና የእሳቱ ታሪክ መሠረት በሱረቱል አንቢያእ ይገኛል፤ መጥረቢያው በትልቁ ጣዖት አንገት መንጠልጠሉም ከተፍሲር ትረካ የመጣ ዝርዝር ነው። እንግዲህ ይህ ተረክ የዮሩባን ከመካ መምጣት አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ሌላ ነገር ነው፤ የኦዮ ተራኪዎች ከሙስሊም መምህራን አፍ ተፍሲር ሰምተው፣ የሰሙትንም ከንጉሣቸው ታሪክ ጋር እስከማዋሐድ ድረስ የራሳቸው አድርገውት እንደነበር። የጥንቱን ዘር ያሳያል የተባለው ምስክር በእውነቱ የጥንቱን ደርስ ያሳያል።

ጆንሰን ራሳቸው የመካውን መነሻ አልተቀበሉትም። ይሁን እንጂ በእርሱ ምትክ ወደ ላይኛው ግብጽና ኑብያ አመልክተው የዮሩባ አባቶች ክርስትናን ሳያውቁ እንዳልቀሩ ገመቱ። ቤሎ በአባትየው ፊት ላይ ነምሩድን አዩ፤ ቄሱ ክርስቲያን አዩ። የኢሌ ኢፌ ሰዎች በበኩላቸው ኦዱዱዋ ከየትም አልመጣም፤ በሰንሰለት ከሰማይ ወርዶ ምድርን በውኃ ላይ የዘረጋ ነው ይላሉ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1945 በለንደን እነ ኦባፌሚ አዎሎዎ የኦዱዱዋ ልጆች ማኅበርን ሲመሠርቱ ያው አባት የዘመናዊ ፖለቲካ መሰባሰቢያ ሆነ። አንድ አባት በአራት ተራኪዎች ዘንድ አራት መልክ ካለው፣ ሐረጉ ስለ ተራኪዎቹ ዘመን እንጂ ስለ ደም ብዙ አይነግረንም።

እዚህ ላይ በወገናችንም በኩል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመካው ተረክ ለሙስሊም ጆሮ ስለሚጥም ብቻ ልንይዘው አይገባም። አንድ ሰው እያወቀ ከአባቱ ሌላ አባት መጥራቱ እጅግ ከባድ ወንጀል መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም በተላለፈው ሐዲስ ተነግሯል። በአገራችንም የይፋት ወላስማዎች ነሰባቸውን ወደ ቁረይሽ ይስቡ እንደነበር አል-መቅሪዚ ዘግቧል፤ የዚህ ዓይነት ሐረግ የሚነበብበት መንገድ ለሁሉም አንድ ነው፤ ማን፣ መቼና ለምን እንደተናገረው መጠየቅ። የእስልምና ክብር ከዐረብ ምድር በመወለድ የሚገኝ አለመሆኑንም በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ ተምረናል፤ ሕዝብና ነገድ የሆንነው እንድንተዋወቅ ነው፤ ብልጫውም በተቅዋ ነው።

የኦሪሻ መለኪያ

ሁለተኛው መለኪያ እምነት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ሁሉ ከፍ ያለ ተሰሚነት ያገኘው የኢ. ቦላጂ ኢዶውዉ ኦሎዱማሬ የተሰኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመ መጽሐፍ ነው። ኢዶውዉ የሜቶዲስት ቄስና የሃይማኖት ጥናት ምሁር ነበሩ። በእርሳቸው ትንታኔ ዮሩባዎች በመሠረቱ በአንድ ልዑል ፈጣሪ፣ በኦሎዱማሬ ያምናሉ፤ ኦሪሻዎቹ የእርሱ አገልጋዮችና እንደራሴዎች ናቸው። የአፍሪካን እምነት እንደ ተራ አጉል እምነት ያዩ ለነበሩት አውሮጳውያን ይህ ጠንካራ መልስ ነበር፤ ለዚህም ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት። የመጀመሪያው ታሪካዊ ነው። የኦሪሻ አምልኮ በየከተማው የተለያየ ነበር። ኦሹን ከኦሾግቦና ከወንዟ ጋር፣ ሻንጎ ከኦዮ ዙፋን ጋር የተቆራኙ ናቸው፤ በአንዱ ከተማ ታላቅ የሆነው በሌላው የማይታወቅበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ሥርዓት፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የሃይማኖት መልክ ያለው ማድረግ የዘመናዊ ጸሐፊዎች ሥራ ነው። ሁለተኛው የተውሒድ ጉዳይ ነው። ለኦሎዱማሬ ራሱን የቻለ የአምልኮ ቤት አይሠራም፤ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ለኦሪሻዎቹ ነው። ፈጣሪን ማወቅና ፈጣሪን ብቻ ማምለክ የተለያዩ መሆናቸውን ደረሳ ሁሉ ይማራል። የመካ ሙሽሪኮችም ሰማያትንና ምድርን የፈጠረው ማን ነው ቢባሉ አላህ ነው እንደሚሉ ቁርኣን ይመሰክራል። ስለዚህ የኢዶውዉን ትንታኔ ስንቀበል በአክብሮት፣ ስንተወውም በልክ መሆን አለበት፤ ዮሩባ ፈጣሪን አያውቅም ማለት ስሕተት ነው፤ እምነቱ ተውሒድ ነው ማለትም ስሕተት ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የባህላዊው እምነት ልብ የተባለው ኢፋ ራሱ እስልምናን እንደ እንግዳ አይቆጥረውም። ኢፋ 256 ምዕራፎች ያሉት፣ ባባላዎ የተባሉት ጠንቋዮች በቃል የሚይዙት ሰፊ መድበል ነው፤ ዋናዎቹ ምዕራፎች 16 ናቸው። ከእነዚህ ኦቱራ የሚባለው በተለይ ከሙስሊሞች ነገር ጋር የተያያዘ ነው። የምልክቶቹ አሠራርም 16 ምልክቶች ካሉት ከዐረቦች የአሸዋ ጥንቆላ፣ ከዒልሙ ረምል ጋር መመሳሰሉ ተመራማሪዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። ጥንቆላ በሸሪዓ የተከለከለ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ይህን የምንጠቅሰው ለማወደስ አይደለም። ኢፋን ንጹሕ የማንነት ምንጭ አድርጎ እስልምናን ከዚያ ለማስወጣት የሚደረገው ሙከራ ከኢፋ ከራሱ ጋር እንደሚጋጭ ለማሳየት ነው።

ቋንቋውም እንዲሁ ይመሰክራል። ደኅንነት አላፊያ፣ ጸሎት አዱራ፣ ስብከት ዋሲ ይባላል፤ ሦስቱም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ክራውተርና ባልደረቦቻቸው መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉሙ ካህንን አሉፋ፣ ነቢይን ወሊ አሉ። የመጀመሪያው የሙስሊም ዓሊም መጠሪያ ነው፤ ሁለተኛው ከዐረብኛው ወሊይ የተወሰደ ነው። የክርስቲያኑ ስብከት እንኳ በሙስሊሞች በኩል የገባውን ቃል ሳይዋስ አልቆመም።

ሁለቱ መለኪያዎች ሲጋጩ

ዘርና ኦሪሻ አንድ ላይ ማንነትን ይወስናሉ የሚለው አባባል የሚፈርሰው በእውነተኛ ሰዎች ሕይወት ላይ ሲሞከር ነው። ሦስት ምሳሌዎችን እናንሣ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1835፣ በረመዳን ወር፣ በብራዚል ባሂያ ግዛት ሳልቫዶር ከተማ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ሙስሊሞች ተነሡ። ከዐመፀኞቹ የሚበዙት ናጎ፣ ማለትም ዮሩባ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ በዐረብኛ የተጻፉ ወረቀቶችም ተገኝተውባቸዋል። ማሌ የተባሉበት ስምም ዮሩባዎች ሙስሊሙን ከሚጠሩበት ኢማሌ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ይህ የሆነው የክርስቲያን ሚስዮን በዮሩባ ምድር ሥራ ከመጀመሩ ከ1840ዎቹ በፊት ነው። እነዚህ ሰዎች ዮሩባ አልነበሩም የሚል ካለ፣ ዮሩባ የሚለው ስም ገና በሕዝቡ ዘንድ ሳይስፋፋ ቋንቋውን እየተናገሩ በእስልምናቸው የሞቱትን ከታሪክ ማስወጣቱ ነው።

በሁለተኛው ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና የተመሠረተው የኦዮቱንጂ መንደር አለ። መሥራቾቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ የባርነት ዘመን የዘር ሐረጋቸውን ቆርጦባቸዋል። ወደ ዮሩባነት የገቡት በኦሪሻ አምልኮ ሥርዓት ነው። በኩባም የሉኩሚ ሃይማኖት ቤተሰብ በሥርዓት እንጂ በደም ብቻ አይመሠረትም። እዚህ እምነት ያለ ዘር ማንነትን ሰጥቷል።

በሦስተኛው በኩል ከግማሽ ክፍለ ዘመን በላይ የኦዮ አላፊን ሆነው የነገሡት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የሞቱት ላሚዲ አዴዬሚ ሦስተኛ አሉ። ሻንጎ ከጥንት የኦዮ ነገሥታት አንዱ ነበር ተብሎ ይታመናል፤ በዚያ ዙፋን ላይ ግን የተቀመጡት ሙስሊም ነበሩ። ከዙፋኑ ሥርዓት ጋር የተያያዘው የሸሪዓ ጥያቄ ከባድ ነው፤ በግለሰቡ ላይ መፍረድም የእኛ ድርሻ አይደለም። ነጥቡ ሌላ ነው፤ ዮሩባዎች ራሳቸው በዘር ጉዳይ እጅግ ጥንቁቅ በሆነው ዙፋናቸው ላይ ሙስሊም ሲቀመጥ ዮሩባነቱን አልጠየቁም።

ስም፣ ቤትና ከተማ

እንግዲህ ከዘር ሐረግ ተረክና ከኦሪሻ በቀር የሚቀር ነገር አለን? አለ፤ እርሱም በየቀኑ የሚኖር ነው። ዮሩባ ራሱን የሚያውቀው በቋንቋው፣ ኢሉ በሚለው ከተማው፣ ኢዲሌ በሚለው የአባት ወገኑ፣ የወገኑንም መነሻና ጠባይ በሚያወሳው ኦሪኪ በተባለው የውዳሴ ቃል ነው። በአንድ ኢዲሌ ውስጥ ሙስሊም፣ ክርስቲያንና ኦሪሻ አምላኪ ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ሲኖሩ የቆዩት ቤተሰቡ ከእምነቱ ቀድሞ የሚያስተሳስር ስለሆነ ነው።

ይህ ትስስር በስም ላይ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 የሌጎስ አገረ ገዢ የነበሩት ባባቱንዴ ራጂ ፋሾላ ሙስሊም ናቸው። ባባቱንዴ አባት ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ከአያት ሞት በኋላ ለሚወለድ ወንድ ልጅ የሚሰጥ ነው። ራጂ ዐረብኛ ነው። ፋሾላ ደግሞ ኢፋ ክብርን ሰጠ የሚል ትርጉም የያዘ የቤተሰብ ስም ነው። በአንድ ሰው ስም ውስጥ ሦስት ዘመናት ተቀምጠዋል፤ ሰውየው ግን አንድ ቂብላ አለው።

ይህ ለኢማሙ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነሰብ ሲቆጠር ከሃሺም ቀጥሎ አብዱ መናፍ ይጠራል፤ መናፍ የጣዖት ስም ነበር። ይህ ስም ከተከበረው ነሰብ አልተፋቀም፤ ያለፈ አባት ስም ነውና። በአንጻሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአላህ ብቻ የሚገባውን ባርነት ለሌላ የሚሰጥ ስም የያዙትን ሰሓቦች ስም ለውጠዋል። እዚህ ላይ ግልጽ ልዩነት አለ፤ የአባትን ስም ተሸክሞ መኖር የአባትን አምልኮ መሸከም አይደለም፤ ለሚወለደው ልጅ ስም መምረጥ ግን የእኛ ኃላፊነት ነው። የባባቱንዴን ዓይነት ስም በተመለከተም መምህሩ የሚጠይቀው ወላጆች ምን እንደሚያምኑበት ነው፤ የሙታን ነፍስ ወደ ሕፃን ትመለሳለች ብለው ከሆነ ዐቂዳቸውን ያርማል፤ የአያት መታሰቢያ ብለው ከሆነ ነገሩ በዑርፍ ሚዛን ይታያል።

ለመምህሩና ለኢማሙ

ከዚህ ምርመራ ለማስተማሪያ የሚሆኑ ሦስት ነጥቦችን እናወጣለን። አንደኛ፣ ዮሩባ ስለሆንህ ኦሪሻን ማክበር አለብህ ለሚባለው ወጣት መልሱ ዮሩባነትህን ተው አይደለም። ስሙ በጽሑፍ ተመዝግቦ በምናገኝበት በመጀመሪያው ድርሳን የጻፈው እጅ የሙስሊም እንደነበር፣ የአባቶቹ ተረክም የነቢዩ ኢብራሂምን ታሪክ እንደያዘ ማሳየት ይበቃል። በሕዝቡ ዘንድ የሚነገር አባባልም ኢፋንና እስልምናን ከጥንት ያሉ፣ ክርስትናን ዘግይቶ የመጣ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።

ሁለተኛ፣ ዑርፍንና ዒባዳን መለየት ያስፈልጋል። ቋንቋ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ለታላላቆች መስገድ የማይደርስ አክብሮት፣ የወገን መጠራሪያ በዑርፍ በር ይገባሉ። ለኤጉንጉን፣ ማለትም ለሙታን አባቶች መንፈስ የሚደረግ መሥዋዕትና ልመና ግን በዚያ በር አይገባም። ሁሉን ሽርክ የሚል መምህር ደረሳውን ከቤተሰቡ ይነጥላል፤ ሁሉን ባህል የሚል መምህር ደግሞ ከተውሒድ ይነጥለዋል።

ሦስተኛ፣ ኦሪሻ የሚያመልከው ጎረቤት የሙስሊሙ ወንድም በኢዲሌ፣ ባላገር በከተማ ነው። በሃይማኖት ማስገደድ እንደሌለ ከሱረቱል በቀራ ያስተማርነውን በኢሎሪንም ሆነ በሌላ ስፍራ ልንረሳው አይገባም። ተውሒድ የሚጠበቀው በማስረጃና በመልካም ጠባይ ነው፤ የዮሩባ ሙስሊሞች ታሪክም አብዛኛው በዚህ መንገድ የተጓዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በሌጎስ የተመሠረተው አንሳሩዲን ማኅበር ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ ሼኽ አደም አብዱላህ አል-ኢሎሪም እ.ኤ.አ. በ1952 መርከዛቸውን መሥርተው ለትውልድ ዐረብኛንና የእስልምና ትምህርትን አስተማሩ። እኚህ ዓሊም ራሳቸውን የሚጠሩት በዐረብ ከተማ ስም ሳይሆን በኢሎሪን ስም ነበር። በዐረብኛ ጻፉ፤ በከተማቸው ስም ተጠሩ፤ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጡ ያስገደዳቸው አልነበረም።

ወላሁ አዕለም።